ፀሐይ የጠጣችውና መሬት የጠጣው

ድሬዳዋ ዙሪያ ያለው የመስኖ እርሻ አብዛኛው የሚጠጣው ከመሬት በታች በሚወጣ ውሃ ነው። ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ውሃ ብታገኝ የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ታተናለች። የዚያኑ መሬት ውሃ ከተማው ይጠጣዋል፣ ፋብሪካው ይሠራበታል፣ ገበሬው ያለማበታል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከክረምት በቀር ውሃ በማይታይበት ወንዝ ዳር ማንጎ፣ ፓፓያና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬና በመስኖ ምህንድስና የተመረቀች የእህቱ ልጅ ናቸው። ሁለቱን ሰዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጉዳዩ ግን የድሬዳዋ ነው። ሂሳቡንም አንባቢ በገዛ ማሳው ላይ ሊሞክረው ይችላል።

ገበሬው፦ ከተማ በገባሁ ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ነው። «ቧንቧው የሚጠፋብን እናንተ ውሃውን ስለምትጨርሱት ነው» ይሉኛል። አቦ፣ እኔ ውሃ የማባክን ሰው ነኝ? እንቅልፌን አጥቼ ሌሊት ነው የማጠጣው። የሞተሩን ነዳጅ የምገዛው ከኪሴ ነው። ገንዘቡን መሬት ላይ የሚያፈስ ሰው የት አለ?

ባለሙያዋ፦ የለም፣ አጎቴ። ግን ማባከንህንም አለማባከንህንም አንተም እኔም አናውቅም፤ ለክተን አናውቅማ። እስቲ ሞተሩን አስነሳ። ያንን ባዶ በርሜልም ወደዚህ አምጣው።

ገበሬው፦ በበርሜል ምን ልታደርጊ?

ባለሙያዋ፦ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ አያለሁ። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል... አየህ፣ 40 ሰከንድ። በሰከንድ 5 ሊትር ማለት ነው፤ በሰዓት 18 ሺህ ሊትር። ሽንኩርቱን በስንት ቀን ነው የምታጠጣው?

ገበሬው፦ በአራት ቀን። ሞተሩ 11 ሰዓት ማታ ላይ ይነሳል፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አጠፋዋለሁ።

ባለሙያዋ፦ ስምንት ሰዓት፤ 144 ሜትር ኩብ። አሁን ሽንኩርቱን እንጠይቀው። ማሳህ ሩብ ሄክታር ነው። በዚህ ሙቀት፣ ራስ መያዝ የጀመረ ሽንኩርት በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ አንድ ሄክታር ላይ ሲነጠፍ 10 ሺህ ሊትር ነው። የአራት ቀኑ 24 ሚሊ ሜትር፣ በሩብ ሄክታር 60 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንተ 144 አወጣህ፣ ሽንኩርቱ የሚፈልገው 60 ነው።

ገበሬው፦ 84ቱስ?

ባለሙያዋ፦ እሱን ነው የምንፈልገው። 4,200 ጀሪካን ነው፤ በአንድ ሌሊት።

ገበሬው፦ ወላሂ ከማሳዬ አንድ ጠብታ ሲወጣ አይቼ አላውቅም! የታችኛው ድንበር ላይ ቆመሽ እዪ፤ ደረቅ ነው። ጎረቤቴ ጋ የሚፈስ ውሃ የለኝም።

ባለሙያዋ፦ እውነትህን ነው፣ ወደ ጎን አይወጣም። ከጉድጓዱ ጀምረን ቦዩን ይዘን እንሂድ። ይኸው፣ ገና መሄድ ሳንጀምር አፈሩ አሸዋ ነው። እዚህ ጋ ዳርና ዳሩ እንደ መስክ ሣር በቅሎበታል፤ ማንም አልዘራውም፣ አንተ ነህ የምታጠጣው። ይሄ ደግሞ የአይጥ ጉድጓድ ነው፤ እጄ እስከ ክንዴ ገባ። ማታ ይሄ ቀዳዳ ስንት ሰዓት ይጠጣል? ስምንት ሰዓት። ውሃውን ስትለቀው ማሳው ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

ገበሬው፦ ሃያ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ። መጀመሪያ ቦዩ ራሱ ጠጥቶ መጥገብ አለበት።

ባለሙያዋ፦ አሸዋ ደግሞ አይጠግብም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ለመስኖ ባለሙያ ያዘጋጀው ሰንጠረዥ አለ። በአሸዋማ አፈር ላይ የተቆፈረ፣ ርዝመቱ ከ200 ሜትር እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሆነ ቦይ ከተለቀቀለት 100 እጅ ውሃ 70ውን ያደርሳል ይላል። አፈሩ ጭቃማ ሸክላ ቢሆን 85 ይደርሳል፤ ቦዩ በሲሚንቶ ቢለበጥ 95። ማሳው ላይ ከደረሰ በኋላ ደግሞ በመደብና በቦይ ሲጠጣ ከ100ው 60 ያህሉ ነው ለሰብሉ የሚውለው፤ በመርጫ 75፣ በጠብታ 90። የ70ው 60 እጅ ስንት ነው? 42። ካንተ 144 ውስጥ 60ውን ስትወስደው ስንት እጅ ነው? 42። አንተ ከሌላው ገበሬ የባሰ አባካኝ አይደለህም። የአፈር ቦይ በአሸዋ ላይ የትም ቢሆን እንዲህ ነው።

ገበሬው፦ ቦዩን አየሁት፤ ገባኝ። ማሳው ላይ ግን እኔ ራሴ ቆሜ ነው የማጠጣው። አንዱን ትልም ሞልቼ ወደ ሌላው ነው የማዞረው። እዚያ እንዴት ይጠፋል?

ባለሙያዋ፦ ዶማውን ስጠኝ። ትናንት ሌሊት የጠጣ ትልም ነው አይደል? ውሃ የሚገባበት ጫፍ ላይ ልቆፍር... ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ወርጄም አፈሩ ስጨብጠው ይጣበቃል። ሽንኩርቱን ንቀልና ሥሩን ተመልከት፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይወርድም። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ለሽንኩርቱ የለም ማለት ነው። አሁን ወደ ታችኛው ጫፍ እንሂድ... አየህ፣ አንድ ስንዝር ሳልወርድ ደረቅ ነው። ከላይ ያለው ጠግቦ ይደፋል፣ ከታች ያለው ይጠማል።

ገበሬው፦ ታዲያ እኮ የታችኛው እንዳይደርቅ ነው ከላይ የማበዛው! ቀድሜ ባዞረው የታችኛው ተክል ይሞታል።

ባለሙያዋ፦ ትክክል ነህ፣ ትልሙ ስለረዘመ ነው። መሐሉ ላይ ለሁለት ቁረጠው፣ ለታችኛው ግማሽ ውሃውን በሌላ መስመር አድርስለት። የሚያስፈልገው የአንድ ቀን ቁፋሮ ነው። ሽንኩርቱ ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ትልሞቹን አንዱን ዘለህ አንዱን አጠጣ፤ በሚቀጥለው ዙር የተዘለለውን። በአገራችን የምርምር ጣቢያዎች የተሞከረ ነገር ነው፤ የሚለቀቀውን ውሃ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፣ ምርቱ የሚቀንሰው ግን በጥቂቱ ነው። ከጉድጓድ እስከ ማሳ ያለውን ደግሞ እየተጠቀለለ በሚነሳው የላስቲክ ቱቦ ተካው። በሂሳቡ ከ84ቱ 43ቱ የሚጠፋው እዚያ ቦይ ላይ ነው፤ ሞተርህ ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድሞ ይጠፋልሃል።

ገበሬው፦ ሀዬ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አሸዋው የጠጣው ውሃ የት ይሄዳል? ሰማይ አይወጣም። ወደ ታች ነው የሚወርደው። ታች ያለው ምንድን ነው? ጉድጓዴ የሚቀዳበት ውሃ ነው! ዛሬ የሰመጠው ከርሞ እኔ ጋ ይመለሳል፤ እኔ ጋ ባይመለስ ታች ያለው ጎረቤቴ ይቀዳዋል። ታዲያ «ጠፋ» የምትዪው እንዴት ነው?

ባለሙያዋ፦ ይህን ጥያቄ ብዙ ባለሙያ አይጠይቀውም፤ መጠየቅ ነበረበት። ልክ ነህ። ከሥር በታች የሰመጠ ውሃ ለዚህ ሽንኩርት ጠፋ እንጂ ለአገሩ አልጠፋም። ስለዚህ 84ቱን ለሁለት እንክፈለው፤ መሬት የጠጣው አለ፣ ፀሐይ የጠጣችው አለ። ፀሐይ የጠጣችው ለማንም አይመለስም። እርጥብ ሆኖ ከሚያድረው ባዶ አፈር የሚተነው ነው፣ ቦዩ ዳር ያለው ሣር በቅጠሉ የሚያስወጣው ነው። በተለይ ችግኙ እንደተተከለ ባሉት ሳምንታት ቅጠሉ መሬቱን አይሸፍነውም፤ ያኔ ካጠጣኸው ውስጥ ሽንኩርቱ ከሚጠጣው ባዶው መሬት የሚያተነው ይበልጣል።

ገበሬው፦ ስለዚህ እኔ መፍራት ያለብኝ የመጀመሪያውን ወር ነው?

ባለሙያዋ፦ አዎ። ያኔ መሬቱን ማልበስ ነው።

ገበሬው፦ በምን? በማሽላ አገዳ እንዳትዪኝ! አገዳው የከብቴ ቀለብ ነው፣ የቤቴ ማገዶ ነው፣ አጥሬም ነው። ሐረርጌ ውስጥ አገዳውን መሬት ላይ የሚያነጥፍ ገበሬ አታገኚም።

ባለሙያዋ፦ አገዳውን አላልኩህም። ከማንጎህ ሥር የወደቀው ቅጠል ተቆልሏል፤ ጠርገህ ታቃጥለዋለህ። በትልሞቹ መሐል አንጥፈው። ሌሊት ማጠጣትህ ደግሞ ጥሩ ነው፣ እሱን እንዳትተወው።

ገበሬው፦ ማንጎውን እስማማለሁ። ግን ወደ ጥያቄዬ ተመለሺ። መሬት የጠጣው ካልጠፋ፣ ስለ ቦዩ ለምን አስቸገርሽኝ?

ባለሙያዋ፦ አንደኛ፣ ያንኑ ውሃ ሁለት ጊዜ ነው የምትስበው። ነዳጁን ሁለቴ ትከፍላለህ። ሁለተኛው ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ውሃው ብቻውን አይወርድም። ዩሪያ ጨምረህ ስታጠጣ የሰመጠው ውሃ ማዳበሪያውን ይዞ ይወርዳል። የሳቢያን ጉድጓዶችን ታውቃቸዋለህ፤ ከተማው ስንት ዓመት ጠጥቷቸዋል። በውሃቸው ውስጥ ናይትሬት መብዛቱ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ዋናው ጥፋት የከተማው ነው፤ መጸዳጃ ጉድጓዱ ሁሉ እዚያው አፈር ውስጥ ነው። ማዳበሪያም ቢሆን ያንኑ መንገድ ነው የሚከተለው፤ ናይትሬት የበዛበት ውሃ ደግሞ ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ የሰመጠ ውሃ ሁልጊዜ ደህና ቦታ አይደርስም። አዲስ አበባ በባቡር ስትሄድ መተሐራ ጋ ያለውን ሐይቅ አይተሃል?

ገበሬው፦ በሰቃን? ድሮ ትንሽ ነበር፤ በኋላ መንገዱንም ሐዲዱንም ሊውጠው ደረሰ።

ባለሙያዋ፦ ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 በላይ ሆነ። የከርሰ ምድሩ ፍልውሃ አለበት፤ ግን አባድር እርሻ ላይ ከመጠን በላይ የተለቀቀው የመስኖ ውሃም ሰምጦ እዚያው ነው የገባው። ጨው ነው፤ አይጠጣም፣ አያጠጣም። ወረድ ብሎ አዋሽ ዳር፣ አሚባራና መልካ ሰዲ፣ ለጥጥ የተለቀቀው ውሃ እየሰመጠ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ አነሳው። ውሃው ከሥሩ አጠገብ ደረሰ፣ ፀሐይዋ ሳበችው፣ ጨዉ መሬቱ ላይ ቀረ። ነጭ ሆኖ የተተወ ማሳ አለ እዚያ። ስለዚህ «ሰመጠ» ሲባል ሁልጊዜ የት ሰመጠ ብለህ ጠይቅ። ካንተ ማሳ በታች ያለው የሚጠጣ ውሃ ነው፤ ለዚህ ነው ያንተ ነገር ከነሱ የሚለየው።

ገበሬው፦ እንግዲያው ሁሉንም ትቼ ጠብታ ላስገባ። ስብሰባ ላይ ሁሌ የሚነገረን እሱ ነው። «ጠብታ አስገቡ፣ ውሃ ይተርፋል።»

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ ይሄን ላስቲክ እይ። ከሌላ ማሳ ያመጣሁት ነው፤ ሁለት ዓመት አገልግሏል። በምላጭ ልሰንጥቀው። ጠብታው የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዙሪያውን የያዘው ነጭ ነገር ምን ይመስልሃል?

ገበሬው፦ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ያለው ነው። የድሬ ውሃ ኖራ!

ባለሙያዋ፦ እሱው ነው። ተራራው በሃ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ኖራ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀን ላስቲኩ ሲግል ቀዳዳው አፍ ላይ ያለው ውሃ ይተናል፣ ኖራው ይቀራል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ፣ ከዚያ ይደፈናል። አንዱ ተክል ይጠጣል፣ ቀጥሎ ያለው ይደርቃል። ገበሬው ምን ያደርጋል? ላስቲኩን በመርፌ ይበሳዋል። ያኔ ጠብታ መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ ጫፉን ከፍቶ ማጠብ ያስፈልጋል፣ በየጊዜው ቀለል ያለ አሲድ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ላስቲኩን አድሎ አሲዱንና ማጣሪያውን ሳያስተምር የሚሄድ ፕሮጀክት ለድሬዳዋ ገበሬ አልጠቀመውም። ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

ገበሬው፦ ማጠቡንስ እችለዋለሁ። ካጠብኩት ውሃው ይተርፋል?

ባለሙያዋ፦ ጎረቤትህ ጠብታ ካስገባ በኋላ ምን አደረገ?

ገበሬው፦ ማሳውን እጥፍ አደረገው፣ ጫት ጨመረበት። እሱ ጎበዝ ነው።

ባለሙያዋ፦ ጉድጓዱስ?

ገበሬው፦ በዓመቱ እንደገና አስቆፈረው፤ ውሃው ሸሽቶት ነበር።

ባለሙያዋ፦ አሁን በደንብ ስማኝ፣ አጎቴ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነው። ያንተን 144 እንደገና እንውሰድ። ሽንኩርቱ 60 ጠጣ። ከቀረው ውስጥ 64ቱ ወደ መሬት ተመለሰ፣ 20ው ተነነ እንበል። ከመሬት ጨርሶ የሄደው 80 ነው። አሁን ጠብታ አስገባህ፣ በዚያው 144 ውሃ ማሳህን ከሩብ ወደ ግማሽ ሄክታር አሰፋህ። ሰብሉ ብቻ 120 ይጠጣል። ሞተርህ የሚስበው አልጨመረም። ብክነትህ ቀነሰ፤ ለሽልማት ትበቃለህ። ከመሬት ጨርሶ የሄደው ግን ከ80 ወደ 120 ወጣ። ድሮ ይመለስ የነበረው ውሃ አሁን በሰብሉ ቅጠል በኩል ሰማይ ወጣ።

ገበሬው፦ ቆይ... ብክነቱ ሲቀንስ ጉድጓዱ ይደርቃል እያልሽ ነው?

ባለሙያዋ፦ ማሳው ከሰፋ አዎ። የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የብዙ አገር ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ይህንኑ ጽፈዋል፤ መንግሥታት ለቆጣቢ መስኖ ገንዘብ አፍስሰው፣ ወንዙና የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ሳይጨምር እንደቀረ። የቆጠበው ገበሬ የቆጠበውን ለራሱ ተጨማሪ ሰብል ያውለዋል። በዚህ አልወቅሰውም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። ግን «ጠብታ አስገባን፣ ውሃ አተረፍን» ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ ማን እንዳተረፈ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገበሬው፦ ማሳዬን ባላሰፋውስ?

ባለሙያዋ፦ ያኔ ጠብታው ይጠቅማል። ሞተርህ ከ144 ወደ 67 ይወርዳል፤ ለኪስህ ትልቅ ነው። ለመሬቱ ግን ትርፉ የዚያን ያህል አይደለም፤ ከ80 ወደ 65 ገደማ ነው። ያችው 15 ናት እውነተኛዋ ቁጠባ። አነስተኛ ናት፤ ግን በየአራት ቀኑ፣ በየጉድጓዱ ስትደመር የአንድ ሰፈር መጠጥ ትሆናለች።

ገበሬው፦ የሐረማያን ነገር አስታወስሽኝ። ልጅ ሆኜ ሐረር ስሄድ በመንገዱ ዳር ሐይቁን እያየሁ ነበር የማልፈው። ጀልባ ነበረበት፣ ወፍ ነበረበት። በኋላ መሬት ሆነ፤ ከብት ይግጥበት ጀመር።

ባለሙያዋ፦ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው የደረቀው። ሐረር ትጠጣው ነበር፣ ሐረማያና አወዳይም እንዲሁ። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ደግሞ በሞተር እየሳበ ጫት፣ ድንችና አትክልት ያጠጣበት ነበር። ከተራራው የታጠበው ደለል ከሥር ሞላው፣ ፀሐይዋ ከላይ ሳበችው። እያንዳንዱ ሞተር ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ማንም ሰው ሐይቅ ላደርቅ ብሎ አልተነሳም። አገሩ በሙሉ ምን ያህል እንደሚስብ የደመረ ግን አልነበረም። ከደረቀ በኋላም እኮ ሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፍረው መሳቡን ቀጠሉ።

ገበሬው፦ አሁን ግን ውሃ ተመልሶበታል ይላሉ።

ባለሙያዋ፦ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ ዝናቡ ሲሰምርና ተራራው ላይ የእርከን ሥራ ሲሠራ፣ ተመልሶበታል። ደስ ይላል። ግን ሐረር በመሐሉ ምን አደረገች? ውሃ ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ቆላ ወረደች። ከሐሰሊሶ የሚወጣው ውሃ በፓምፕ እየተገፋ ተራራውን ወጥቶ ሐረር ይገባል። ላይኛው አገር ሐይቁን በጫት ጠጣ፣ ከዚያ ጥማቱን ወደኛ አወረደው። ስለዚህ ያንተ ሞተር፣ የጎረቤትህ ሞተር፣ የድሬዳዋ ቧንቧ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ሐረርም ጭምር ከአንድ አካባቢ ከርሰ ምድር ነው የሚቀዱት።

ገበሬው፦ ታዲያ ሕግ የለም? ድሮ የወንዝ ቦይ በነበረ ጊዜ የውሃ አባት ነበር። ተራህን እሱ ይሰጥሃል፤ ከተራህ ውጭ የከፈትክ እንደሆነ ትቀጣለህ። ቦይ ያልጠረገ ሰው ውሃ አያገኝም ነበር። ሞተር ከመጣ ወዲህ ሁሉም የራሱ አባት ሆነ።

ባለሙያዋ፦ ሕጉ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሁሉ በፊት የሚቀድመው የመጠጥና የቤት ውሃ ነው ይላል። ያው አዋጅ ግን በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ያኔ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ሲባል የሚታሰበው በገመድና በባልዲ የሚቀዳ ነበር። ዛሬ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ በሰዓት 18 ሺህ ሊትር የሚስብ ሞተር ገብቷል። ሶላር ሲሆን ደግሞ ነዳጅ የለበትም፤ ፀሐይ እስካለች ይስባል። አንተን የሚያስቆምህ የነዳጅ ዋጋ ነበር፤ ሶላሩ ያንንም ያነሳዋል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ገበሬው ተደራጅቶ ውሃውን ራሱ እንዲያስተዳድር ይፈቅዳል። የቦይ መስኖ ያላቸው ይደራጁበታል፤ የጉድጓድ ባለቤቶች ግን የሚያገናኛቸው ቦይ ስለማይታይ አንድ ውሃ ላይ መሆናቸው አይታያቸውም።

ገበሬው፦ አንድ ነገር ግን ረሳሽ። ሁሉንም ከኛ አታውጪ። ክረምት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሲመጣ አይተሻል? በአንድ ሌሊት የሚያልፈው ውሃ የኔን ማሳ ዕድሜ ልኬን ያጠጣው ነበር። በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ሐምሌ 30 ሌሊት ነው የመጣው። ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በመጋላና በከዚራ ሰፈሮች መሐል ሬሳ የምንፈልግ ሰዎች ነበርን። ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ? ቆላው አሸዋ ውስጥ ጠፋ፤ አዋሽ እንኳ አይደርስም።

ባለሙያዋ፦ አልረሳሁትም። እሱን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት፣ መጨመር የሚቻለው ከእሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እስካሁን ያወራነው የሚወጣውን ስለ መቀነስ ነበር፤ የሚገባውን የሚጨምረው ተራራው ላይ ያለው ሥራ ነው። ከደንገጎ ተራራ እስከ ታች ያለው ቁልቁለት ራቁቱን ስለሆነ ዝናቡ ሳይሰምጥ ነው የሚሮጠው። እርከን፣ የድንጋይ ክትር፣ ዛፍ ያለበት ቁልቁለት ውሃውን ያዘገየዋል፤ የዘገየ ውሃ ይሰምጣል፣ የሰመጠው ጉድጓድህን ይሞላል። ያው ሥራ ጎርፉንም ያበርደዋል። ከተማን ከጎርፍ ማዳንና የገበሬን ጉድጓድ መሙላት አንድ በጀት ሊሆኑ ይገባ ነበር። በቆላው ደግሞ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ማሳ ላይ ማሳደር የቆየ ጥበብ ነው፤ ማሽላ በአንድ ጥሩ ጎርፍ ይደርሳል። ለእሱ ሞተር አያስፈልግም።

ገበሬው፦ እሺ፣ ነገ ጠዋት ምን ላድርግ? ተራራው ነገ አይሠራም።

ባለሙያዋ፦ የአይጡን ቀዳዳ ድፈን፣ ሣሩን ንቀል፣ ትልሙን ለሁለት ቁረጥ፣ የማንጎውን ቅጠል አንጥፍ። ገንዘብ ስታገኝ ቱቦውን ግዛ። ከሁሉም በላይ ግን ገመድ ላይ ድንጋይ አስረህ ጉድጓድህ ውስጥ ልቀቀውና ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለካ። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ ሞተሩ ሳይነሳ በፊት። ጻፈው። ይህ ቁጥር ከሌለ ጠብታም ቢገባ፣ ቦይም ቢለበጥ፣ ውሃው እየተረፈ ይሁን እየሸሸ ማንም አያውቅም። ሃያ የጉድጓድ ባለቤቶች ቁጥራቸውን አንድ ወረቀት ላይ ቢያደርጉት ያ ወረቀት የውሃ አባት ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ማሳ ማስፋት ይቁም፤ ሲመለስ ይፈቀድ። መንግሥትም ጠብታ ከማደሉ በፊት ለእያንዳንዱ ሞተር ቆጣሪ ያድል። ቆጣሪው ለማስከፈል ብቻ ነው ብሎ ገበሬው እንዳይሸሽ ደግሞ ቁጥሩ ለገበሬው ይመለስለት።

ገበሬው፦ ቆጣሪ ሲባል ሰዉ ይፈራል። ግብር ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ነው ከአንተ መጀመር ያለበት። ከቢሮ ከመጣ ይፈራል፤ ከጎረቤት ከመጣ ይጠይቃል።

ገበሬው፦ ሀዬ። የኔን ጉድጓድ ዛሬውኑ ለኪና ጻፊልኝ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰዉ ሲሰበሰብ እኔ ራሴ እናገራለሁ፤ 144 አውጥቼ 60 እንደተጠቀምኩም እናገራለሁ። ግን ለከተማው ሰውም ይህን ንገሪልኝ። መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ቀኑን ሙሉ ሲፈስ የሚውለው ውሃ ከዚሁ ከኛ መሬት የወጣ ነው። እኛ ጉድጓዳችንን ስንለካ እነሱም ከሳቢያን የወጣውንና ቤት የደረሰውን ይለኩ፣ ቁጥሩንም ለሕዝብ ይናገሩ። ገበሬው ብቻውን ተለክቶ ከተማው ሳይለካ ከቀረ ማሳ አታስፉ ብላችሁ ብትመጡ አንሰማችሁም።